ዘሩ የእኛ፣ ማተሚያው የሰው

ይህች መጽሔት በስቴንስል ተባዝታ ስትወጣ ቀለሟ አንዳንድ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ዳሩ ግን ያሰብነውን ለመናገር የማንንም ማተሚያ ቤት ደጅ አንጠናም። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሳይንስ መሣሪያ ለመጻፍ የተነሣነውም ይህንኑ በማሰብ ነው።

በጂንካ አካባቢ በሚኖሩት አሪዎች ዘንድ አንጥረኛው በገበሬው ሲናቅና ለጋብቻ ሲገለል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የሁለቱን ወገኖች ዘረመል ከሌሎች ጋር መርምሮ፣ አንጥረኞቹ ከገበሬዎቹ በፊት የነበረ ሕዝብ ቅሪት ናቸው ወደሚለው ግምት አዘነበለ። በ2015 ግን ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ናሙና በሌላ ስሌት ቢመረምሩት፣ ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተለያዩ መሆናቸውንና ልዩነቱም በመገለል ምክንያት የመጣ መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ ልዩነቱን የወለደው ንቀቱ ነው እንጂ ንቀቱን የወለደው ልዩነቱ አይደለም።

የ2012ቱ ምርመራ የተካሄደው ማይክሮአሬ በሚባል፣ በውጭ አገር በተሠራ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የሚመልሰው በላዩ ላይ የተጻፈለትን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያልታተመበት ነጥብ አይጠየቅም። ስለዚህ አታሚው ጥያቄውንም ይመርጣል ማለት ነው።

ታዲያ እኛስ ማተም አንችልምን? እ.ኤ.አ. በ1995 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ዘረመልን በሮቦት መርፌ ጫፍ በተራ የመስታወት ስላይድ ላይ ነጥብ በነጥብ አትመው አሳዩ፤ ኋላም የመሣሪያውን አሠራር ለሁሉም በነፃ አደሉ። በ2004 ደግሞ የሲያትል ተመራማሪዎች የኤፕሰን ማተሚያን የቀለም መርጫ ወስደው፣ በቀለም ፈንታ አራቱን የዘረመል ፊደላት የሚረጭ መሣሪያ ሠሩ፤ ንድፉንም ይፋ አደረጉ።

«ኬሚካሉ እርጥበት አይችልም፤ ጥቂት ሺህ ነጥብም ሚሊዮኑን አይተካም፤ ዓለሙም ዘረመልን ሙሉ በሙሉ ወደ ማንበብ ዞሯል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው ከትልቁ ፋብሪካ ጋር ውድድር አይደለም። ተማሪው በእጁ ሠርቶ የሚማርበት አንድ ትንሽ ማተሚያ በጂንካ ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም እንላለን። ሰሌዳው ሠሪ ወንድሙን የሚያገኘው እዚያ ነው፤ አንጥረኛ ብረት ሲቀጠቅጥ ከሚሰማበት መንደር ዳር።

የታሪክና የሕዝብ ጥናት ተማሪም አብሮ ይቀመጥ። አንድ ናሙና ሁለት ፍርድ መስጠቱን አይተናልና፣ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው አንጥረኛውን ሁለተኛ ጊዜ ሊያገልለው ይችላል። ውጤቱም በባሕር ማዶ መጽሔት ከመውጣቱ በፊት ናሙናውን ለሰጠው ለአንጥረኛው ይነገረው፤ የመጀመሪያው አንባቢ እርሱ መሆን ይገባዋልና።