ማዕዱ ፊት ቆመን የራበን

እኩዮቼ፣ ይህን የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም። እነርሱንስ አፋችን እስኪደርቅ መክረናል። የዛሬው ለእኛ ነው፤ ጉልበታችን ለስግደት እንቢ ላለን፣ ምርኩዝ ተደግፈን ከዛፍ ጥላ ሥር በድምፅ ማጉያ ለምናስቀድስ ሽማግሎችና አሮጊቶች። ቃሌ ቢመርም ታገሡኝ። ቀድሜ የምከሰው ራሴን ነው።

ነፍሳችን ተርባለች። የራባትም እህል ጠፍቶ አይደለም፤ ማዕዱ በየሳምንቱ ተዘርግቶ፣ እኛም ከፊቱ ቆመን ነው።

ማኅበራችንን ተመልከቱ። ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ መጠጣት ከጀመርን ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ድሮ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የወሩ ድርሳን ይነበብ ነበር፤ የታመመ ይጠየቅ፣ የተጣላ ይታረቅ ነበር። ዛሬ ጸሎቱ ጠላው እስኪቀዳ እንኳ አይቆይም። ከዚያ ወሬው የጡረታ ብር ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ውጭ አገር ያለው ልጅ የላከው ነው። የማኅበሩን መሪ፣ የሙሴያችንን፣ የደም ግፊት ቁጥር ከልጆቹ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። አንዳችን ሌላውን «ነፍስህ እንዴት ናት?» ሲል ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልሰማሁም።

ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ፣ በየዓመቱ «ዘንድሮ ለፍልሰታ ንስሐ ገብቼ እቆርባለሁ» ይል ነበር። ከልቡ ነበር። አንድ ዓመት የልጁ ሠርግ ቀደመ። አንድ ዓመት ከወንድሙ ጋር በአባታቸው ቦታ ተካሰው ነበርና «ፍርዱ ይውጣና» አለ። አንድ ዓመት ወገቡ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 4 ቀን ሌሊት አረፈ። አርባው የዋለው ነሐሴ 13 ነው፤ በፍልሰታው ጾም ውስጥ፣ በቡሄ ዕለት። እኛ ድንኳኑ ውስጥ የጾም ወጥ ስንበላ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በሩ ላይ ሆያ ሆዬ ይሉ ነበር። ባለቤቱ በጥቁር ልብሷ ወጥታ ሙልሙል ሰጠቻቸው። ለቁርባኑ የቀጠረው ጾም ለተዝካሩ ሆነ። ያን ቀን የጎረስኩት እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አሁንም አልወረደልኝም።

እኔ ከእርሱ አልሻልም፤ እንዲያውም እብሳለሁ። እኔና ባለቤቴ በ1969 ዓ.ም. የተጋባነው በሰማንያ ነው። ያኔ «የቁርባን ጋብቻ አይፈታም፤ እስቲ ኑሯችን ይርጋና እንቆርባለን» ተባባልን። መርጋቱ አርባ ሰባት ዓመት ፈጀ። ባልና ሚስት አብረው ነውና የሚቆርቡት፣ እኔ ወደ ኋላ ባልኩ ቁጥር እርሷም ቀረች። በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ጊዜ ብቻ ትጠይቀኝ ነበር፤ «ዘንድሮስ?» «እስቲ» እላለሁ። አትደግመውም። ፍልሰታ ሲገባ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ሄዳ ታስቀድሳለች፤ ሰው ሊቆርብ ሲሰለፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ትቆም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሴቶቹ ወገን የቆመች እኅቴ ነግራኝ ነው። እኔ ለራሴ ውጭ ከሰው ጋር ቆሜ አወራ ነበር።

ስለዚህ ወንዶች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። በሰማንያ የቆያችሁ፣ ከልጅ ልጅ በኋላም «እስቲ» የምትሉ፣ የምታስርቡት የገዛ ነፍሳችሁን ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ሳትናገር የምትራብ ሰው አለች።

ቅዳሴውን ታውቁታላችሁ። ፍሬ ቅዳሴው ሳይጀመር ገና ያልተጠመቁት፣ ንኡሰ ክርስቲያን የሚባሉት፣ እንዲወጡ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተጠመቁት ማዕድ ነውና። እኛ ተጠምቀናልና አንወጣም። ግን አንበላም። ታዲያ ምንድን ነን? ቤተ ክርስቲያናችን 14 ቅዳሴ አላት፤ አሥራ አራቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል ወደሚያቀብሉበት። እኛ እስከዚያ ድረስ ቆመን እንሸኝና፣ ሕፃናቱ ተሰልፈው ሲቀርቡ ጫማችንን መፈለግ እንጀምራለን። ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት ይህንኑ አይቶ ሕዝቡን ገሥጿል፤ ግብዣ ተጠርቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከማዕዱ ተቀምጦ ሳይቀምስ የሚነሣ እንግዳ ጋባዡን አይሰድብም ወይ ብሎ። ነገሩ ስለ እኛ የተነገረ ይመስላል።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀናችን ክርስትና ስንነሣ ቀምሰናል። ብዙዎቻችን ቀጥሎ የምንቀምሰው ካህን ወደ አልጋችን ሲጠራ ነው፤ ያውም መዋጥ ከቻልን። በመካከሉ ሰባ ዓመት። ወጣት ሳለን «ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው» ብለን ሸሸን። አሁንስ ምን እንላለን? ሰባ ስምንት ዓመቱ ሆኖ «እኔ ገና ነኝ» ያለኝ ሰው አለ፤ ሳቅን፣ ኋላ ሁለታችንም ዝም አልን።

ፈርተው የሚቀሩትን አልንቅም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሳይገባው የሚቀበል ዕዳ እንዳለበት አስጠንቅቋል። ግን እዚያው ላይ ያዘዘው ሰው ራሱን መርምሮ እንዲበላ ነው እንጂ መርምሮ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አይደለም። «ከቆረብኩ በኋላ ብበድልስ?» ትሉኛላችሁ። ትበድላላችሁ። እኔም በቆረብኩ በሳምንቱ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጨቃጭቄ አፈርኩ። ለዚያ ነው ንስሐ ያለው። ታማሚ «ዳግም ቢያመኝስ» ብሎ መድኃኒቱን አይተውም።

ከነፍስ አባቶቻችን ጋር ያለን ነገርም መነሣት አለበት። የእኔ ደግ ሰው ነበሩ። በዓል ሲሆን መጥተው ጸበል ይረጫሉ፣ እህል ይቀምሳሉ፣ መርቀውን ይሄዳሉ። ሃያ ዓመት ስለ ነፍሴ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። ተከባብረን ተደባበቅን። ኋላ እኔ ራሴ ሄጄ «አባ፣ ዛሬ ለመስቀሉ ብቻ አይደለም የመጣሁት» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። እርሳቸውም ሲጠብቁኝ ኖረው እንደሆነ እንጃ።

ስለ ጾሙ ብዙ አልልም። የሁዳዴን 55 ቀን ከቅቤና ከሥጋ ርቀን፣ በምላሳችን ግን ምራታችንን ስንበላ እንደምንከርም ሁላችንም እናውቃለን። ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍም ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ከልጆች የምረቃ ፎቶ ጎን አቧራ ለብሶ አለ። አሁን ደግሞ ስልክ መጣልን። በቀን ሦስት ስብከት እንሰማለን፤ ግማሹ አንዱ ሌላውን ሲያወግዝ ነው። ወጥ ሲሠራ ማሽተት መጉረስ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲያሸት የዋለ ሰው ግን የጠገበ ይመስለዋል፤ ይህ ከረሃቡ ይከፋል።

ልጆቻችን «ቤተ ክርስቲያን ርቀዋል» እያልን እናማለን። ምን አይተው ይቅረቡ? አባታቸው ስልሳ ዓመት ወደ አንድ ገበታ እየተመላለሰ አንድም ቀን ሲጎርስ አላዩትም።

እኔና ባለቤቴ በ2016ቱ ፍልሰታ ቆረብን። ከዋዜማው ጀምሮ 18 ሰዓት ጾምን፤ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ መቆየት በእኔ ዕድሜ ቀላል አልነበረም። ስኳር ያለባችሁ ከሐኪማችሁም ከነፍስ አባታችሁም ተማከሩ፤ በድፍረትም አትቅረቡ፣ በሰበብም አትቅሩ። ተሰልፈን ስንጠብቅ ከፊቴ አንዲት እናት ያዘለችው ሕፃን ጀርባዋ ላይ ያንኮራፋ ነበር። ከተቀበልን በኋላ ማየ መቁረሩን ጠጥተን አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ወጣን። ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም። በር ላይ ቁልፉን ስትፈልግ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ተቀብዬ ከፈትኩ።

በሚመጣው ሐምሌ 12 የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ዳቦው ይጋገራል፣ ጠላውም ተጠንስሷል። ነገር ግን ከወዲሁ እነግራችኋለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሙኝ። ፍልሰታ ሊገባ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ጸሎቱ እንዳለቀ እያንዳንዳችሁን በስም እየጠራሁ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መጨረሻ ንስሐ የገባችሁት መቼ ነው? የምታፍሩ በጆሮዬ ንገሩኝ። የሁላችሁንም መልስ ሳልሰማ ቢላዋው ከዳቦው ላይ አያርፍም።