ብብትና ምርኩዝ

እኛ የሕክምና ተማሪዎች የብብትን ነርቭና የደም ሥር በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት እንደግማለን። እግሩ የተሰበረ የደሃና ገበሬ ምርኩዙን እንደ መቋሚያ ብብቱ ሥር ሲሸጉጥ ግን የምንነግረው ቃል ያጥረናል።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከአንገት ሥር የሚወጡ 5 የነርቭ ሥሮች ተጠላልፈው፣ ትልቁን የክንድ ደም ቅዳ ከበው በብብት ያልፋሉ፤ ከታች የሚጋርዳቸው ቆዳ፣ ስብና ስስ ሽፋን ነው። ገላውን በብብቱ ያንጠለጠለ ሰው የሚጨቁነው እነዚህን ነው። አዘውትሮ የሚጎዳው አንጓን ቀና የሚያደርገው ነርቭ ነው፤ እሱ ሲደክም መዳፍ ይወድቃል፤ እግሩ የዳነለት ገበሬ እርፍ መጨበጥ ያቅተዋል።

የምርኩዙ ራስ ከብብት 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ይበል፤ መጨበጫ ይኑረው፤ ክብደቱን መዳፍ ይሸከም። ይህን ለማለት የላቲን ስም ምን ያደርጋል? በዋግ ደግሞ አማርኛም የማይበቃው፣ ኽምጣኛ የሚሻ ሕመምተኛ አለ። ስለዚህ መምህራኖቻችን በፈተናው ላይ፣ «ይህን ለገበሬው እንዴት ትነግረዋለህ?» የሚል ጥያቄ ይጨምሩልን እንላለን፤ ማርክም ይያዝበት።