የቤንዚን መዝገብ ለገንዘብም ለሰውም ምስክር ነው

በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሷን ያያል፤ ከገዛትም በኋላ ገብሱን በቁና እየሰፈረ ስለሚሰጣት በሳምንት ምን ያህል እንደምትበላና ምን ያህል መንገድ እንደምትሄድ ያውቃል። ገብሷን በልታ መንገድ ላይ የደከመች እንደ ሆነ ታምማ ይሆናል ብሎ ይመረምራታል እንጂ ዝም አይልም። አውቶሞቢል የገዛ ሰው ግን፥ በብዙ በቅሎ ዋጋ የገዛው ንብረቱ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሲጠየቅ «ብዙ ይጠጣል» ወይም «ደኅና ነው» ከማለት በቀር የሚመልሰው ቃል የለውም። ይህም የሚሆነው ቤንዚን ከዓይን ተሰውሮ ስለሚቀዳና ከዓይን ተሰውሮ ስለሚያልቅ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መንዳት የጀመረ ሰው መሪ መያዝን እንደ ተማረ መዝገብ መያዝንም ይማር ዘንድ በዚህ ጽሑፍ እናሳስባለን።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖራሉ። ዳሩ ግን ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፥ አብዛኛውም በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅን ድጎማ በየጊዜው እየቀነሰ በሄደ ጊዜ ዋጋው እንዴት እንደ ተለወጠ ሁላችን አይተናል። በዚያ ወር በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሆነ። ይኸውም ቀድሞ በ1,000 ብር ወደ 21 ሊትር ይቀዳ የነበረ ሰው፥ በኋላ በዚያው ብር 11 ሊትር እንኳ አልሞላለትም ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ አዲስ ነጂ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው የቤንዚን ወጪ ነው፤ ይህ ከኪሱ የወጣው ብር ነው። ሁለተኛው የአውቶሞቢሉ ፍጆታ ነው፤ ይህ ለተወሰነ መንገድ የተቃጠለው ሊትር ነው። ወጪ በገበያና በመንግሥት ተመን ይለወጣል፤ ፍጆታ ግን የሚለወጠው በአውቶሞቢሉ ጤና፥ በመንገዱና በነጂው እግር ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ዋጋ በጨመረ ጊዜ «አውቶሞቢሌ ታመመ» ይላል፤ አውቶሞቢሉ በታመመ ጊዜ ደግሞ «ዋጋ ጨመረ» እያለ በሽታውን ያስረጀዋል። ከሁለቱም የሚከፋው ግን ያላጠፋ ሰው መጠርጠሩ ነው።

በዚህ ነገር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ተፈትኖበታል። ዕድሜዬ ከኀምሳ ካለፈ በኋላ መንዳት ተማርሁና አንድ ያገለገለ አውቶሞቢል ገዛሁ። ቅዳሜና እሑድ የእኅቴ ልጅ እየተዋሰ ይነዳው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ለዐሥር ቀን ይበቃኝ የነበረው የቤንዚን ገንዘብ ለሰባት ቀን እንኳ አልበቃ አለኝ። ዋጋ እንደ ጨመረ ዐውቅ ነበር፤ ነገር ግን ጭማሪው ይህን ሁሉ አያደርስም ብዬ፥ ልጁ ያለ ፈቃዴ ሩቅ አገር ይነዳዋል ወይም ቤንዚኑን ቀድቶ ይሸጠዋል ስል በልቤ ፈረድሁበት። በልቤም ብቻ አልቀረ፤ በእናቱ ፊት ተናገርሁት። ልጁ «ጋሼ፥ እኔ አላደረግሁትም» ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ቤቴን አልረገጠም።

ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ ሲሆን ወጪው ይቀንሳል ብዬ ብጠብቅ አልቀነሰም። ደብተር የገዛሁት ያን ጊዜ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው መነሻ ሳይያዝ ቆጠራ እንደማይጀመር ያውቃል፤ ይህም እንደዚያው ነው። አስቀድሞ የቤንዚኑን ጋን ሙሉ አስሞልቶ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር መጻፍ ነው። በሁለተኛው ጊዜ እንደ ገና ሙሉ አስሞልቶ፥ የገባውን ሊትር፥ የተከፈለውን ብርና የቆጣሪውን አዲስ ቁጥር መጻፍ ነው። ከዚያም የገባውን ሊትር በ100 አባዝቶ ለተሄደው ኪሎ ሜትር ቢያካፍሉት ለ100 ኪሎ ሜትር የተቃጠለው ይገኛል። ለምሳሌ ቆጣሪው መጀመሪያ 48,210፥ በኋላ 48,510 ቢል የተሄደው 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የገባው 27 ሊትር ቢሆን ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ነው። በመካከል ጥቂት ጥቂት የተቀዳ እንደ ሆነ ያም ሁሉ ይደመራል፤ ነገር ግን ጋኑ ሙሉ ሳይሆን ሒሳቡ አይዘጋም፤ በውስጡ የቀረው በትክክል አይታወቅምና። አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ቁጥርም አይታመንም፤ አሞላሉ አንዳንዴ ጥቂት ጎድሎ አንዳንዴም ጥቂት በዝቶ ስለሚገኝ የሦስቱንና የአራቱን ጊዜ አንድ ላይ ማየት ይገባል።

በእኔ ደብተር የተገኘው ቁጥር 13 ሊትር ነበር። እንደ እኔ ያለ አውቶሞቢል የሚነዳና መዝገብ የሚይዝ አንድ ባልንጀራዬ ግን የእርሱ ከ9 ሊትር እንደማያልፍ አሳየኝ። መካኒክ ቢያየው የኋላው ፍሬን አንዱን ጎማ ሳይለቅ ይዞት ተገኘ፤ የአራቱም ጎማ ነፋስ ጎድሎ ነበር። እኔም አዲስ ነጂ ስለ ሆንሁ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብዙ እየቆየሁ ሞተሩን አስጮኸው ነበር። ፍሬኑ ተበጅቶ፥ ጎማው ተነፍቶ፥ እግሬም ትዕግሥት ተምሮ ቁጥሩ ወደ 9 ከግማሽ ወረደ። ደብተሩን ይዤ ወደ እኅቴ ቤት ሄድሁና ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ገጹን ተመልክቶ «ጋሼ፥ ደብተሩን አስቀድመው ገዝተውት ቢሆን መልካም ነበር» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ።

መዝገብ የያዘ ሰውም ቢሆን ቁጥሩን አይቶ ለፍርድ መቸኰል የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ነው፤ ሞተርም በዚህ ስስ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርድና ከዓባይ ወደ ደጀን የሚወጣ አውቶሞቢል እኩል አይጠጣም። በከተማ መንገድ ተጨናንቆ ሞተሩ እየሠራ የቆመ አውቶሞቢል አንድ ክንድ ሳይራመድ ቤንዚን ያቃጥላል። በሰፊ ጎዳናም ቢሆን እጅግ መፍጠን ያስከፍላል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ በመዝገቡ ጠርዝ የተሄደበትን አገር መጻፍ ይገባል፤ አውቶሞቢልም ከሁሉ በፊት በራሱ የቀድሞ ቁጥር ይመዘን።

ይህ ቃል ለግል ባለ አውቶሞቢል ብቻ የተነገረ አይደለም። የመንግሥት አውቶሞቢል የተሰጣቸው ሹማምንት፥ የደብርና የገዳም አውቶሞቢል በአደራ የተቀበሉ አባቶችም ይመለከታቸዋል። ቤንዚን በበዛ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሾፌሩ ነው፤ እርሱም ደመወዙ ጥቂት፥ ቃሉም በአለቃው ፊት የማይከብድ ስለ ሆነ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት መንገድ የለውም። መዝገብ ካለ ግን የሰረቀ ይታወቅበታል፤ ያልሰረቀም ይድንበታል። ሹሙም አውቶሞቢሉን ለግል ጉዳዩ በላከ ቀን ያንኑ ያስጽፍ፤ ስለ ራሱ መንገድ ሾፌሩ እንዳይጠየቅበት።

ምናልባት «በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ከታዘዘ ወዲህ ደረሰኙ በስልክ ይገኛል፤ ደብተር ምን ያደርጋል» የሚል ይኖር ይሆናል። ደረሰኙ የተከፈለውን ይመሰክራል እንጂ የተሄደውን መንገድ አይመሰክርም። ሁለቱ ጐን ለጐን ካልተጻፉ ፍጆታ አይታወቅም።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሏል። ስለዚህ አዲስ ነጂ ሆይ፥ በመጪው ጊዜ ቤንዚን ስታስሞላ ከማደያው ሳትወጣ የቆጣሪህን ቁጥር ጻፍ። ሰው የሚያዝዙ ሹማምንትም ማንንም ስለ ቤንዚን ከመውቀሳቸው በፊት መዝገቡን ይጠይቁ፤ መዝገብ ከሌለም ጥፋቱ አስቀድሞ የራሳቸው መሆኑን ይወቁ። የጠፋ ቤንዚን በገንዘብ ይተካል፤ ያለ ማስረጃ የጠፋ የሰው ስም ግን ለመመለሱ እንዲህ የቀለለ አይደለም።