የጠጅ ቤቱ ገበታ ለሁላችንም ይዘርጋ





እኔ በሐይቅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ክርስቲያንም ሙስሊምም መምህራን አለን፤ ቀኑን በአንድ ክፍል ተቀምጠን፣ አንዱ የሌላውን ጠመኔ ተውሶ፣ በወንድማማችነት እንውላለን። ደመወዝ በተቀበልን ዕለት ማታ ግን እንለያያለን። ከፊሎቻችን ወደ ቆየው ጠጅ ቤት እንሄዳለን፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ወደ ሻይ ቤት ያመራሉ፤ ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ደግሞ ከሁለቱም የሉበትም። በልቅሶም በደስታም የማይለያይ የወሎ ሕዝብ ከቤቱ ውጭ ለመብላት ሲነሣ ስለ ምን ሦስት ቦታ ይከፈላል?

ምክንያቱ ጥላቻ አይደለም። አንደኛው ቢላዋ ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ በሠርግ እንኳ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል። ሁለተኛው መጠጡ ነው። ሦስተኛው፣ ሴትና ልጅ በጠጅ ቤት መታየታቸው እንደ ነውር መቈጠሩ ነው።

ለመጀመሪያው መፍትሔው በደጃችን ተኝቷል። ዐሣ በሁለቱም ወገን ዘንድ የእርድ ሥርዐት አያስፈልገውም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዐሣ ወደ ሐይቃችን እንዲገባ ከተደረገ ወዲህ፣ የሐይቅ ሰው ዐሣ አጥማጅም ዐሣ በላም ሆኗል። በጾም ወራት ደግሞ ሽሮውና ክኩ ማንንም ከማንም አይለይም።

ለሁለተኛውም ሩቅ መሄድ አያሻም። የአምባሰል ማር የታወቀ ነው። ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ጌሾ ከገባበትና ከፈላ ጠጅ ይሆናል፤ ጌሾ ሳይገባበት፣ ሳይፈላ፣ በዕለቱ ከተጠጣ ግን ብርዝ ነው። ስለዚህ ከአንድ የማር እንስራ ለአንዱ ጠጅ፣ ለሌላው፣ ለእናቲቱና ለልጆቹ ብርዝ በብርሌ ሊቀዳ ይችላል። ነገር ግን ብርዙ ካደረ መፍላት ስለሚጀምር፣ ባለቤቱ የሰውን ሃይማኖት አክብሮ በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ ይገባዋል። ማር ተወደደ ብሎ ስኳር የሚበጠብጥ ሁሉ ደግሞ ይህን ለደንበኛው ሳይሸሽግ ይንገር።

ስለ ሦስተኛው፣ ታሪካችንን እንመልከት። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ በሰው ፊት ገንዘብ ከፍሎ መብላት ለጨዋ ሰው ነውር ነበር። ገበያው ቢቀዘቅዝ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው እንዳስለመዱ ሲነገር ኖሯል። ያ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም በፒያሳ አለ። ያን ጊዜ ነውር የተባለው ዛሬ ልማድ ከሆነ፣ አባወራ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር በጠጅ ቤት ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መብላቱ ስለ ምን ነውር ይሆናል? እንዲያውም ሚስቱና ልጁ አጠገቡ የተቀመጡ ሰው ብርሌውን ይቈጥራል፤ ነገርም አይፈልግም።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ መምህራኖቻችን ከስካር እንድንርቅ አጥብቀው ይመክሩን ነበር፤ ምክራቸውን ዛሬም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ሰካራም የሚበዛው መስኮቱ በጠበበ፣ ብርሃኑ በደበዘዘ፣ ምግብ በሌለበት ቤት እንጂ፣ ገበታ በተዘረጋበት ደጅ አይመስለኝም።

በመሆኑም ለጠጅ ቤት ባለቤቶች የማሳስበው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አግዳሚ ወንበሮቹ ከውስጥ ወደ ዛፉ ጥላ ይውጡ፤ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ይኑር፤ የዐሣ መጥበሻው ሥጋ ያልነካው፣ ለብቻው የተለየ ይሁን፤ ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ኪሱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ማዘጋጃ ቤታችንም ንጽሕናውን ይቈጣጠር። በተለይ ሐይቃችን መውጫ የሌለው ስለሆነ የገባበት ቆሻሻ ከዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ፍሳሽ ወደ ውኃው እንዳይወርድ ይከልክል። ያላደገ ዐሣም አይጠመድ፤ ጫጩቱን ዛሬ የጠበሰ ለነገ ገበታ የሚያቀርበው አያገኝም።

ወንድሞቼ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን ባለቤቶቹ ብቻ አይፈጽሙትም። የምንሄደው እኛ ነን፤ ማንን ይዘን እንደምንሄድ የምንመርጠውም እኛው ነን። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ወር ሲያልቅ ደመወዛችንን ተቀብለን ከትምህርት ቤቱ በር ስንወጣ፣ ሙስሊሙን የሥራ ባልደረባችንን «ደኅና እደር» ብለን ከምንሸኘው ይልቅ፣ «ዐሣና ብርዝ አለ፤ ቤተሰብህን ይዘህ ና» እንበለው።

አንድ መምህር
ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ