ለፈተና የሚሆን ድርሰት እንዴት ይመረጣል?

ልጁን ለሙዚቃ የአጨዋወት ፈተና በሚያሰናዳ ወላጅና መምህር ዘንድ እንደ ቀኖና ተከብሮ የሚኖር አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ፈታኙን የሚያስደንቀው ታላቅ መሣሪያና ከባድ ድርሰት ስለ ሆነ፣ ተማሪው ከዐቅሙ ከፍ ያለውን መርጦ ቢሳሳት እንኳ ስለ ድፍረቱ ይመሰገናል የሚል ነው። በሎንዶን የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው በ16 ዓመታቸው ለሚፈተኑት ለጂሲኤስኢ ሲሰናዱ ይህንኑ ቃል ይደጋግሙታል። እኔ ግን አሳቡ ከሥሩ የተሳሳተ፣ ስንቱንም ትጉህ ልጅ ያለ ጥፋቱ ያሳፈረ ነው እላለሁ።

ፈታኝ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ምንድን ነው? በእንግሊዝ አገር በ1889 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ሙዚቃ የሚፈትነው ኤቢአርኤስኤም የተባለው ድርጅት ለእያንዳንዱ ድርሰት 30 ነጥብ ይመድባል፤ 20 ያገኘም አለፈ ይባላል። ፈታኙ የሚመዝነው የድምፁን ልክነት፣ የምቱን አጠባበቅ፣ የቃናውን ጥራት፣ የዜማውን አቀራረጽና የጠቅላላ አጨዋወቱን ሁኔታ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል «ድፍረት» የሚል ዐምድ አይገኝም።

ነገሩን በግልጽ ለማየት፣ ፒያኖ የሚማር ልጅ ሁሉ የሚመኘውን፣ ቤትሆቨን በ1810 የጻፈውን «ፉር ኤሊዝ»ን እንመልከት። (ደራሲው በሕይወቱ ሳለ ሳያሳትመው የቀረውንና እርሱ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ የታተመውን ወረቀት እኛ የልጆች መፈተኛ አደረግነው!) መጀመሪያው እጅግ የዋህ ነው፤ ቀኝ እጅ በሁለት ጎረቤታሞች ቁልፎች ላይ ይመላለሳል፣ ግራ እጅም ከሥር በዝግታ እየወጣ ይከተለዋል፤ ይህ ዜማ በድርሰቱ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመለስ፣ ከበር ውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ወላጅ ዘወትር የሚሰማው ይህንኑ ነውና ልጄ ደርሷል ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ወደ ፋ ሜጀር የሚሻገረው ክፍል ሲመጣ ግን ቀኝ እጅ በሠላሳ ሁለተኛ ኖታ መሮጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ክፍል ቅለት ተታሎ ፈጠን ብሎ የተነሣው ልጅ ጣቶቹ አልደርስ ብለውት ምቱን ያዘገያል፤ ፈታኙም ያንን መዘግየት በምቱ አጠባበቅ ዐምድ ላይ ያሰፍረዋል። እንደ ምንም ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ግራ እጅ አንዲቱን የ«ላ» ቁልፍ ያለ ዕረፍት በአንድ ክብደት ሲመታ ቀኝ እጅ የጨለሙ ኮርዶችን ይጫናል፣ ወዲያውም ሦስት ሦስት ሆነው የተጣመሩ ኖታዎች ቁልፎቹን ሽቅብ ሮጠው ወጥተው በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ የሚታወቀው ዜማ ሲመለስ ልጁ ልቡናው ተረብሿልና፣ ተኝቶ ሊጫወተው የሚችለውን እንኳ እየተንቀጠቀጠ ይነካዋል። እንግዲህ ያጠፋው የማይችለውን ብቻ አይደለም፤ የሚችለውንም ነው። ይኸው ልጅ ሹማን በ1848 ለወጣቶች ካዘጋጀው አልበም አንዲት ገጽ የሆነውን «የመጀመሪያ ኀዘን»ን ቢመርጥ ኖሮ፣ ቃናውንም፣ የዜማውን መነሻና ማረፊያም፣ ዝምታውንም ሳይቀር በሙሉ ልቡና ባሳየ ነበር።

የመሣሪያውም ነገር ከዚህ አይለይም። በጂሲኤስኢ ተማሪው የፈለገውን መሣሪያ ይዞ ሊቀርብ ሲፈቀድለት፣ ክራር በቤቱ ተሰቅሎ ያደገ ልጅ ሦስት ዓመት በማይሞላ የፒያኖ ትምህርት ይቀርባል፤ ክራር ቀላል ነዋ! እንዲህ የሚል ሰው ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ ሲመታ፣ የማይፈለጉትን ዝም የሚያሰኛቸው የግራ እጅ ጣት መሆኑን ልብ ብሎ አላየም። ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገርም አውታር እያጠበቁና እያላሉ እንደ ገና መቃኘትን ይጠይቃልና፣ ለፈተና የሚቀርብ የክራር ተጫዋች ዜማዎቹን ከአንድ ቅኝት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ኤዴክሴል የተባለው ፈታኝ ድርጅት ለከባድ ድርሰት ነጥብ ይጨምራል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ይጨምራል፤ ነገር ግን መለኪያው በድርሰቶች የክብደት ደረጃ አራተኛው ሆኖ ከአምስተኛ ጀምሮ ያለው ሁሉ በአንድ ሚዛን ስለሚታይ፣ ስምንተኛን የመረጠ ከአምስተኛው አንዲት ነጥብ አይበልጥም። የቤተ ክርስቲያናችን ደቀ መዝሙርስ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን መርጦ ነውን በቤተልሔም ጉባኤ ቤት የሚያስመሰክረው ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ እርሱ ከድጓው ጋራ ዓመታት ኖሯል፣ የእኛ ልጅ ግን ከድርሰቱ ጋራ የተዋወቀው ባለፈው ክረምት ነው።

ስለዚህ የፈተናው ውጤት የሚወሰነው ድርሰቱ በተመረጠበት ቀን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ ፈታኞችም ለአመራረጡ ራሱ ነጥብ ሊሰጡ ይገባ ነበር። እስከዚያው ግን መምህሩ ፈተናው ሲቃረብ ያልበሰለውን ድርሰት ያለ ይሉኝታ ይጣለው፤ ወላጅም ልጁን «እስቲ ከመካከሉ ጀምረህ ተጫወትልኝ» ይበለው።