ፉሪ ወይስ ጆሹዋ? እኛ ከፉሪ ጋር ነን

ነገሌ ቦረና ሻይ ቤት ቁጭ ስንል የማያልቅ ክርክር አለን፤ ያቤሎና ሞያሌ ያሉ ጓደኞቻችንም በስልክ ይገቡበታል። ለዓመታት የተወራለት የሁለቱ እንግሊዛውያን፣ የፉሪና የጆሹዋ ፍልሚያ ማን ያሸንፋል? የጆሹዋ ደጋፊዎች ሂሳብ አጭር ነው። ካሜሩናዊው ንጋኑ እ.ኤ.አ. በ2023 በነጥብ ቢሸነፍም ፉሪን በሦስተኛው ዙር መሬት ጥሎታል። ያንኑ ንጋኑን ጆሹዋ በ2024 በሁለተኛው ዙር ዘረረው። በቃ፣ አለቀ!

ቆይ ጎበዝ! ከብት ገበያ ወርዶ ቀንድ ብቻ አይቶ ወይፈን የሚገዛ ነጋዴ አይታችኋል? መጀመሪያ ያስነዳና አካሄዱን ያያል። እኛም እግር እንይ። ንጋኑ ጆሹዋ ፊት ቆሞለታል፤ የቆመ ሰው ሲያገኝ ደግሞ የጆሹዋ ቀኝ አይምርም። የሚንቀሳቀስ ሲገጥመው ግን ይቸገራል፤ ኡሲክ በ2021 እና በ2022 በነጥብ የረታው እየዞረበት ነው። ፉሪም በኡሲክ ሁለቴ ተሸንፏል፣ አልካድንም። ግን 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ቁመት ይዞ ወደ ኋላ እየተለጠጠ የሚያመልጥ፣ ሲጠጉት ተጣብቆ ክብደቱን እየጣለ የሚያደክም ሰው ለጆሹዋ አይመችም።

የሚያሰጋን የፉሪ እግር ማርጀት ነው፤ ሰውየው የ1988 ልጅ ነው። ጆሹዋ በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ካልጣለው፣ ፉሪ በነጥብ። ከተሳሳትን የሻዩን ሂሳብ እኛ እንዘጋለን።