እርግዝና በሽታ ካልሆነ ቅጣቱ ስለ ምንድን ነው?

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በነፍሰ ጡሯ ባልደረባችን ላይ የተወሰደውን እርምጃ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

የነገሩን አመጣጥ ጽሕፈት ቤትዎ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እኛ መምህራን ተፈራርመን ያስገባነው አቤቱታ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል። በቃል ስንጠይቅ «እየታየ ነው» ተባልን፤ ደግመን ስንጠይቅ «ነገር አታክርሩ» ተባልን። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ አይደለም። የእርስዎንም የእኔንም ደመወዝ በግብሩ ለሚከፍለው፣ ልጆቹንም አምኖ ለሚሰጠን ሕዝብ ጭምር ነው።

በቀጥታ ነገሩ ወደተፈጸመበት ማክሰኞ ልግባ።

ባልደረባችን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድትቀርብ በደብዳቤ ተጠራች፤ በሰዓቱም ተገኘች። «ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው፣ ጠብቂ» ተባለች። ኮሪደሩ ላይ ያለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ናት፤ እሷም በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጥራዝ ተሞልታለች። መምህርቷ ጥራዙን ገፋ አድርጋ ልትቀመጥ ስትል የጥበቃ ሠራተኛው «ሰነድ ነው፣ አይነካም» አላት። ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ለሌላ ጉዳይ የመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን አጣጥፈው መሬት ላይ አነጠፉላት፤ ከመሬት መነሣት ስለሚከብዳት አመስግና ቆማ ቀረች። እርስዎም በዚያ ጠዋት በኮሪደሩ አልፈው ወደ ቢሮዎ ገብተዋል። አይተዋት ይሁን አላዩዋት አላውቅም፤ ቆማ እንደነበረች ግን የሚመሰክሩ ባለጉዳዮች አሉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን «ከምሳ በኋላ ተመለሺ» ተባለች። በሩ የተከፈተላት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ክሱ አንድ ቀን ከሥራ ቀርተሻል የሚል ነው። በፊርማ መዝገቡ ላይ ስሟ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል። እሷ ደግሞ የእርግዝና ክትትል ካርዷን ይዛ ገብታለች። የጤና ጣቢያው ማኅተምና የዚያው ዕለት ቀን ያለበት ካርድ ነው። ለርእሰ መምህሩ ከሁለት ቀን በፊት አስታውቃለች። ክፍለ ጊዜዎቿን የሸፈንኩላት እኔ ነኝ፤ የክፍል መዝገቡ ላይ ፊርማዬ አለ፤ ያን ቀን መምህር ያጣ ተማሪ የለም። ይህ ሁሉ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰብሳቢው ካርዱን ሳይገልጡት ወደ እሷ መልሰው ገፉትና እንዲህ አሉ፦ «እርግዝና በሽታ አይደለም። እናቶቻችን እኮ እርሻ ላይ ነው የወለዱን።» በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደር ላይ የቆመው ሁሉ ሰማ። ቀጥሎ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነበበላት፤ የቀኑ ደመወዝ እንዲቆረጥ ተወሰነ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ሽግሽግ» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት። የተመደበችበት ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ክረምት ሲገባ መኪና ቀርቶ ባጃጅም አይደርስበትም።

በዚያ ማክሰኞ ማግስት ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። የግፊቱ ምክንያት ጽሕፈት ቤትዎ ነው ብዬ አልከስም፤ ያንን ማንም ሰው በአንዲት ሴት ላይ ለይቶ ሊያረጋግጥ አይችልም። የምከስሰው በእውነቱ የተደረገውን ነገር ነው።

እርግዝና በሽታ አይደለም በሚለው እስማማለሁ። በሽታ ስላልሆነም ነው ጤነኛዋ ሴት በጤነኝነቷ እንድትቀጥል ክትትል የሚያስፈልጋት። መንግሥት በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሰማርቶ፣ በሬዲዮ እየለፈፈ እናቶች ለክትትል እንዲመጡ ይለምናል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት ከመቶ 43 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምንት ጊዜ ይሁን ይላል። ባልደረባችን የተባለችውን አደረገች፤ ስላደረገች ተቀጣች። ይህን የሰማች ሌላ መምህርት በሚቀጥለው ወር ቀጠሮዋን ታከብራለች ብለው ያምናሉ?

አያቶቻችን ሐኪም ሳያስተምራቸው የሚያውቁት ነገር ነበር። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ የገዛ ወንድሟ ቢሞት እንኳ ቤተ ዘመድ ተመካክሮ እስክትወልድ ይደብቃታል። ፊቷ አይጮኽም፤ ሰው አይደባደብም። ወንበር የሌለው ቤት እንኳ መደብ ይለቅላታል። ሰብሳቢው በእናቶቻችን ስም ሲናገሩ ይህንን ትተው እርሻውን ብቻ ማስታወሳቸው አሳዝኖኛል። እርሻ ላይ የወለዱትም ወደው አልነበረም፤ ከነልጆቻቸው የቀሩትን ደግሞ ቆጥሮ የመዘገባቸው የለም።

የባዮሎጂ መምህር ነኝና የዕለት ሥራዬን ላድርግ። ሰው ሲደነግጥና ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። በእርግዝና ወቅት እንግዴ ልጁ ከእናቲቱ ደም የሚመጣውን ኮርቲሶል አብዛኛውን ወደማይሠራ ኮርቲሶን የሚለውጥ ኢንዛይም አለው፤ ጽንሱ የሚጠበቀው በዚህ ነው። ጭንቀቱ ሲበረታና ሲሰነብት ግን ይህ መከላከያ ሊላላ እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። ኮርቲሶል ለጽንሱም ያስፈልገዋል፤ ሳንባው እንኳ የሚጎለምሰው በእሱ እርዳታ ነው። ጉዳቱ ከልክ ሲያልፍ፣ አንጎል በሚሠራበት ወቅት ሲደርስ ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል አካባቢ፣ በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የሚወልዱ ከ14 ሺህ የሚበልጡ እናቶች ተመዝግበው ልጆቻቸው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ቶማስ ኦኮነርና ቪቬት ግሎቨር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ በ32ኛው ሳምንት ብርቱ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ልጆች አራት ዓመት ሲጠጉ የጠባይና የስሜት ችግር በብዛት ታይቶባቸዋል። ይህም ከወሊድ በኋላ ያለውን የእናትየውን ጭንቀትና የቤተሰቡን ኑሮ ከግምት አስገብተው ነው። 32ኛው ሳምንት ማለት ስምንተኛው ወር ነው። ባልደረባችን ዛሬ ያለችው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ልነግርዎ የምፈልገው የካናዳውን ነው። በጥር 1998 እ.ኤ.አ. በኩቤክ ግዛት እየወረደ የሚረጋ የበረዶ ዝናብ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ጣላቸው። ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በክረምት ብርድ መብራት ተቋረጠበት፤ አንዳንዱ ቤት ከ40 ቀን በላይ በጨለማ ቆየ። ሱዛን ኪንግ የተባሉ ተመራማሪ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩትን ሴቶች ፈልገው ልጆቻቸውን እያደጉ ሲሄዱ መረመሩ። እናቲቱ ምን ያህል ተጨነቀች የሚለውን ለብቻ፣ ምን ደረሰባት የሚለውን ደግሞ ለብቻ ለኩ፤ ስንት ቀን ያለ መብራት ቆየች፣ ከቤቷ ወጣች ወይ፣ ምን ጠፋባት ብለው ቆጠሩ። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው፣ በኋላም አምስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው፣ መከራው የበዛባቸው እናቶች ልጆች በቋንቋና በማሰብ ችሎታ በአማካይ ዝቅ ብለው ተገኙ። ልጆቹ ላይ ምልክቱን የተወው በእናቲቱ ላይ የደረሰው መከራ ነው። ሆደ ባሻ መሆኗ፣ ልቧ መጥበቡ አይደለም። «ነገሩን ልብሽ ውስጥ አታስገቢው» እያሉ የሚመክሯት ሁሉ ይህንን ይስሙ። እዚያ አገር መከራውን ያመጣው የሰማይ በረዶ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም ነበር። እዚህ ያመጣው ማኅተምና ፊርማ ነው።

የእኛም አገር ጥናት አለ። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በእርግዝናቸው ጊዜ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት የበዛባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ጊዜ የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። የሕፃናቱ ክብደት ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም፤ ይህንንም አልደብቅም።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ እናቶች፣ እባካችሁ አትደንግጡ። እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንድን ልጅ ዕጣ አይወስኑም። ተጨንቀው የወለዱ እናቶች አብዛኛዎቹ ልጆቻቸው ደኅና አድገዋል። ከወሊድ በኋላ ያለ ፍቅርና እንክብካቤም ብዙ ነገር ይጠግናል። ልጃችሁ ቢረበሽ ወይም አፉን ለመፍታት ቢዘገይ «በእኔ ጭንቀት ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ጥያቄው ለእናንተ አይደለም፤ ለሚያስጨንቋችሁ ነው። አባቶች፣ አማቶች፣ አሠሪዎች፣ ቢሮዎች፣ ጥያቄው ለእኛ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ሕጉንም አያጡትም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድ ሲወሰን የሴቷ ጤንነትና የሕፃኑ ደኅንነት ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ የአበባ እርሻ እንኳ ነፍሰ ጡር ሠራተኛው ለምርመራ የሄደችበትን ጊዜ ከደመወዝ ጋር መስጠት አለበት፤ ከእሷ የሚጠበቀው የመመርመሯን ማስረጃ ማቅረብ ነው። የአበባ እርሻ የተገደደበትን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲነፍግ ምን ይባላል? ማስረጃው እኮ ሰብሳቢው ያልገለጡት ካርድ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምንጠይቀው ማስጠንቀቂያው እንዲነሣ፣ የተቆረጠው ደመወዝ እንዲመለስ፣ ዝውውሩ እንዲሰረዝ ነው። አቤቱታችንን ስናስገባ የጠየቅነው ይህን ብቻ ነበር። ያኔ መልስ ቢሰጠን ኖሮ እዚያው ባበቃ። ዛሬ ግን አይበቃንም። ማስጠንቀቂያው በተከፈተ በር እንደተነበበ ሁሉ የተነሣበት ደብዳቤም በተከፈተ በር ይነበብላት፤ ሰብሳቢውም ይቅርታ ይጠይቋት። ኮሪደሩ ላይ ያለው ጥራዝ ወደ መጋዘን ይግባ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የያዘች ባለጉዳይ ሳትቆም ቀድማ ትስተናገድ። በወረዳችን ባሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የክትትል ቀን «ቀሪ» ተብሎ እንዳይመዘገብ ሰርኩላር ይተላለፍ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ወልዳ ከፈቃድ እስክትመለስ ድረስ ያለ ፈቃዷ አትዛወር።

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ከዚህ አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ካሉ ነፍሰ ጡሮች ከመቶ 15.6 ያህሉ የአእምሮ ጤና እክል፣ በተለይ ድባቴ ያጋጥማቸዋል። በጤና ጣቢያችን ግፊት ይለካል፣ ደምና ሽንት ይመረመራል፤ «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? የሚያስፈራሽ ሰው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ግን የለም። ዕቃ አይገዛበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። በፓኪስታን ገጠር ድባቴ የያዛቸውን ነፍሰ ጡሮች የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚመስሉ ሴቶች ሠልጥነው በየቤታቸው እየሄዱ አነጋገሯቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ በድባቴ ውስጥ የቀሩት ከመቶ 23 ሲሆኑ ምክሩን ካላገኙት መካከል ከመቶ 53 ነበሩ። የሕፃናቱም ተቅማጥ ቀነሰ፤ ክትባታቸውም ተሟላ። የእኛ ወረዳ ይህን ለመጀመር የሚጎድለው ሰው አይደለም፤ ሴቶቹ በየቀበሌው አሉ።

የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ቋሚ ደመወዝ የሌላቸውን ያስባቸው። ኮብልስቶን ለሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች፣ እንጀራ ጋግረው ለሚያድሩት፣ በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚኖሩት ማን ይናገርላቸዋል? የቤት ሠራተኛን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍናትም፤ ሆዷ ሲገፋ ሻንጣዋን ይዛ ውጪ ትባላለች። አንዲት በሕግ የተጠበቀች፣ ዲግሪ ያላት፣ አቤቱታ መጻፍ የምትችል መምህርት በኮሪደር ቆማ ከዋለች፣ የእነዚያ ምን ሊሆን እንደሚችል እርስዎም ያውቁታል።

የባልደረባችን የቅድመ ወሊድ ፈቃድ በግንቦት መጀመሪያ ይጀምራል። መልሱ ከዚያ በፊት፣ በጽሑፍ፣ በእጇ እንዲደርስ እንጠይቃለን። ካልደረሰ ይህንኑ ደብዳቤ ይዘን ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ክልል እንሄዳለን፤ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባም ቆመን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህር

ግልባጭ፦
ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለመምህራን ማኅበር
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት